የሩዝ ጭቃና የስምንት ቀን ዝምታ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምሳ ስንበላ፣ ጋሼ ታደሰ ከኮት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ጋሼ ታደሰ ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር ለብዙ ዓመት ኤርፖርት ታክሲ የነዱ አዛውንት ናቸው። ወረቀቱ የደም ምርመራ ውጤታቸው ነው። እንግዲህ ጊዜ ካገኘሽ ይህችን ነገር እይልኝ አሉኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚያውቀኝ። ወይንሸት ላብራቶሪ ነው የምትሠራው ሲባል ሁሉም ሰው ሆስፒታል ይመስለዋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስለ ስኳርና ስለ ኮሌስትሮል የጠየቀኝ ሰው ብዛቱን አላውቀውም። መጀመሪያ መጀመሪያ አስረዳ ነበር፤ በኋላ ደከመኝና "ሐኪምዎን ይጠይቁ" እያልኩ ማለፍ ለመድኩ። ያን ቀን ግን ሥራው አልቋል፣ የምቸኩልበትም የለ። ወረቀቱን መለስኩላቸውና የምሠራው ጭቃ ላይ እንደነበር ነገርኳቸው።

"የምን ጭቃ?"

"የሩዝ ማሳ ጭቃ።"

ጌታሁን አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ጋሼ ታደሰ ግን አልሳቁም። ጥቂት አስበው፣ "እና ጭቃው ምን ሆኖ ነው ሃያ ስድስት ዓመት የፈጀብሽ?" አሉኝ።

እዚያው ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ እንጂ ነገሩ አላለቀም። ያልነገርኳቸው ክፍልም ነበረ። ይህን የምጽፈው ለሳቸው ጥያቄ ነው፤ ያልነገርኳቸውንም ጨምሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩዝ የሚበቅለው ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ነው። ከውሃው ሥር ያለው ጭቃ ሁለት ቤት አለው ማለት ይቻላል። የላይኛው፣ ከጥፍር ውፍረት ብዙም የማይበልጠው ሽፋን፣ ከውሃው ትንሽ አየር ያገኛል። ከሱ በታች ያለው ጥቁሩ ጭቃ ምንም አየር የለውም። ገበሬው ዩሪያ ሲበትን፣ በላይኛው ሽፋን ያሉ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ማዳበሪያውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ ወደ ታች ይሰርጋል። የታችኞቹ ደግሞ የሚተነፍሱት አየር ስለሌላቸው በአየር ፋንታ ናይትሬቱን ይተነፍሱታል። እነሱ ሲጨርሱ የማዳበሪያው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ፣ አረፋ እየሠራ፣ ከማሳው ይወጣል። ገበሬው ሩዙን ያበላ መስሎት ሰማዩን አብልቶ ይቀራል። ከሚወጡት ጋዞች አንዱ ደግሞ ምድርን ከሚያሞቁት መጥፎዎቹ ውስጥ ነው።

የኔ ሥራ በየማሳው ስንቱ እንደሚሄድ መለካት ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም።

ሥራውን የጀመርኩት እዚህ አይደለም። በግብርና ኮሌጅ ዲፕሎማ ይዤ መጀመሪያ የተመደብኩት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ አንድ የምርምር ጣቢያ የአፈር ክፍል ውስጥ ነው። ሩዝ ያኔ ለአካባቢው አዲስ ነገር ነበር። ሱሪያችንን ሰብስበን ማሳው ውስጥ እንገባለን፤ ስንወጣ ከእግራችን ላይ አልቅት እየነቀልን እንቆጥራለን፤ ብዙ የወጣበት ሰው ሻይ አይከፍልም። አለቃችን አቶ ምናሴ ጸጥ ያሉ ሰው ነበሩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ናሙናው እንዳይበላሽ ጉድጓድ ቆፍረን እርጥብ ጆንያ ውስጥ እንድንቀብረው ያደርጉ ነበር። ደመወዜ ትንሽ ነበረ፤ ግን ወድጄው ነበር።

ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና መጣሁ። ዲፕሎማዬን የሚያነብልኝ አልነበረም። ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሁለት ሰው በማይችል የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበል ነበር። ቀጥሎ እዚሁ ፌርፋክስ ላይ አንድ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ገባሁ፤ ከጌታሁንም የተዋወቅነው እዚያ ነው። ከዚያ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት፣ እሷ በጽዳት የምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው እንደሚፈልግ ነገረችኝ። አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ።

ሚስተር ሬይስን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የላብራቶሪው ዋና ቴክኒሻን ነበሩ፤ ፊሊፒናዊ፣ የሩዝ ገበሬ ልጅ። እንግሊዝኛ አንተንና አንቱን አይለይም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እያልኳቸው ነው የኖርኩት። ሥራ በጀመርኩ በወሩ ገደማ ወደ ማጠቢያው መጡና ለብቻቸው ያስቀመጥኳቸውን ጠርሙሶች እያዩ ለምን እንደለየኋቸው ጠየቁኝ። አፋቸው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች፣ የጎማ ውታፍ በደንብ አይቀመጥባቸውም አልኳቸው። አንዱን ወደ መብራት አንስተው አዩት። የት ተማርሽ አሉኝ። ፎገራ አልኩ። የት እንደሆነ አልጠየቁም። በሚቀጥለው ሳምንት ጓንቴን አስወልቀው ወደ ውስጥ ወሰዱኝ።

የሚስተር ሬይስ ልማዶች ብዙ ነበሩ። ጭቃ በበረዶ ሳጥን ሲመጣ ማንም ሳይነካው ከረጢቱን ከፈት አድርገው ያሸቱታል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ናይትሬቱ አልቋል፤ ዝናብ የመታው መሬት ከሸተተ መንገድ ላይ አየር ገብቶታል፤ ይጣላል። ከማሽኑ በፊት በአፍንጫቸው ይፈርዱ ነበር፤ ማሽኑም አብዛኛውን ጊዜ ይስማማቸዋል። ቁጥር የሚጽፉት በእርሳስ ነው፤ የሚጽፉትም በጠርሙሱ ሆድ ላይ በተለጠፈ ወረቀት እንጂ በክዳኑ ላይ አይደለም። ክዳን ይቀያየራል፣ ሆድ አይቀያየርም ይሉኝ ነበር። ምሳቸውን ቆመው ነበር የሚበሉት። "ጥሩ ነው" የሚል ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። የሠራሁትን ሳሳያቸው የሚሉት "ገና ነው" ብቻ ነው።

ዋናው ልማዳቸው ግን ባዶው ጠርሙስ ነበር። ሥራችን እንዲህ ነው፦ ጭቃውን ጠርሙስ ውስጥ አድርገን በጎማ ውታፍ እንደፍነዋለን፤ በውስጡ ያለውን አየር በሌላ ጋዝ ጠርገን እናወጣለን። ከዚያ አሴቲሊን፣ ማለት በያጆች የሚጠቀሙበትን ጋዝ፣ በመርፌ እንወጋዋለን። አሴቲሊኑ ረቂቆቹ ሥራቸውን እንዳይጨርሱ መንገድ ላይ ይይዛቸዋል፤ ያመረቱት ጋዝ እዚያው ይጠራቀማል፤ እኛ በየሰዓቱ በመርፌ እየቀዳን እንለካለን። አሴቲሊኑ ነጭ ሽንኩርት ነገር ይሸታል። ጌታሁን ማታ ስገባ፣ "ከወጥ ቤት አመለጥሽ ስል ሽታው ተከትሎሽ ሄደ" ይለኝ ነበር።

ሚስተር ሬይስ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጠርሙስ ጭቃ ሳያደርጉ ይደፍኑና ልኩን የሚያውቁትን ጋዝ ይከቱበታል። መጨረሻ ላይ እሱን ይለካሉ። የከተቱት እንዳለ ከተገኘ ውታፎቹ ጥብቅ ናቸው፣ የዙሩ ቁጥር ይታመናል። ከጎደለ ግን ጋዙ እየሾለከ ነው፣ አየርም እየገባ ነው፤ ዙሩ በሙሉ ይጣላል። እኔ በአማርኛ "ምስክሩ" አልኩት። ብዙ ጊዜ ምስክሩ ምንም አዲስ ነገር አይናገርም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ የጎደለበትን ጊዜ በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥረዋለሁ። ስለዚህ ሰው ይሰለቸዋል። እሳቸው አይሰለቻቸውም ነበር።

ሚስተር ሬይስ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸው ለኔ ተሰጠኝ። አለቃችን ዶክተር ክሌር ትባላለች፤ ከኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ፈጣን፣ ሰው የምታምን ሴት ናት። እኔንም አመነችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉን ነገር ደጋግሜ ማረጋገጥ ጀመርኩ። ኢንግልዉድ ካለው ቤቴ ስነሳ የምድጃውን ጋዝ ዘግቻለሁ ወይ እያልኩ ነው የምነዳው። ሦስት ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ዞሬ ተመልሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ ድርቅ መጣ። ሰሜን፣ ሳክራሜንቶ ሸለቆ ውስጥ ያሉት የሩዝ ገበሬዎች ውሃ እንዲቆጥቡ ተጠየቁ። ከነሱ አንዱ ሚስተር ዋልተር ነበሩ፤ ለዓመታት ናሙና ከማሳቸው የምንወስድባቸው ሽማግሌ። የጠየቁን ቀላል ጥያቄ ነበር። በእድገቱ መካከል ውሃውን አሥር ቀን አውጥቼ ማሳውን ባደርቀውና መልሼ ብሞላው፣ ማዳበሪያዬ ይሄድብኛል ወይስ ይቆያል? ጥያቄው ቀላል ይሁን እንጂ የሚያስፈራ ነው። ጭቃው ሲደርቅ አየር ይገባዋል፤ የላይኞቹ ረቂቆች ናይትሬት ያመርታሉ። ውሃው ሲመለስ የታችኞቹ ይነሱና ያንን ናይትሬት ይጨርሱታል። ምን ያህሉን? እሱ እንደ አፈሩ ነው። መልሱን ቶሎ ይፈልጉት ነበር፤ የውሃ ተራቸው እየደረሰ ነው።

ናሙናው መጣ። ያን ጊዜ አዲስ ውታፍ አዝዘን አልደረሰልንም። ልኩ የታወቀው ጋዝ ሲሊንደርም አልቆ ሌላ እየጠበቅን ነበር። አሮጌዎቹን ውታፎች በእንፋሎት ቀቅዬ አጠብኳቸው፤ በጣት ሲጫኑ ደረቅ እንዳሉ ታውቆኛል። ያለ ጋዙ ምስክር አይሠራም። መጠበቅ ነበረብኝ። ዶክተር ክሌር በሩ ላይ ብቅ ብላ የት ደረስሽ ስትለኝ ግን፣ ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ያለ ምስክር ጀመርኩ።

ሐሙስ ውጤቱ ደረሰ። የወጣው ጋዝ በጣም ትንሽ ነው። ለገበሬው መልካም ወሬ ነበር። ዶክተር ክሌር ወረቀቱን አይታ ደስ አላት፤ ፈርማም ወደ አንድ ስብሰባ በረረች። ከዚያው ሆና ለሚስተር ዋልተር እንደምትደውል ነገረችኝ።

አርብ አዲሱ ሲሊንደር መጣ። ማንም ሳይጠይቀኝ ከነዚያው ውታፎች አምስቱን ወስጄ፣ አምስት ባዶ ጠርሙስ ደፍኜ፣ ጋዙን ከተትኩባቸው። ማክሰኞ ጠዋት ለካሁ። ከግማሽ በላይ ጎድሏል። አምስቱም ላይ።

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። የጎማው ውታፍ ሾልኳል ማለት ነው። አየር ገብቷል፤ አየር ሲገባ የታችኞቹ ረቂቆች ሥራ ያቆማሉ። ያመረቱትም ትንሽ ጋዝ ቢሆን ወጥቷል። "ትንሽ ነው" ያልነው ቁጥር ስለ ዋልተር ጭቃ የሚናገረው ምንም ነገር የለም።

ስልኩ አጠገቤ ነበር። የዶክተር ክሌር ቁጥር ተጽፎበታል። አልደወልኩም።

ለምን አልደወልኩም? እውነቱን ልጻፈው። ጌታሁን በዚያን ወቅት ወገቡን ኦፕሬሽን ተደርጎ ቤት ተኝቷል፤ ታክሲ መንዳት አቁሟል። ሁለታችንም ያለነው በኔ ሥራ ኢንሹራንስ ላይ ነው። የኔ ውል ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ የሚታደስበት ወር ደርሷል። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ግን ሌላ ነው። እርግጠኛ ሳልሆን ሰው አላስደነግጥም፣ ዙሩን በአዲስ ውታፍ ልድገመውና ከዚያ ሙሉውን ይዤ ልቅረብ አልኩ። ሥርዓት ያለው ሰው የሚናገረው ይመስላል። ድጋሚው አንድ ሳምንት ይፈጃል። ያን ሳምንት ምግብ አልወርድ ብሎኝ ሰነበተ። ጌታሁን የጨጓራ ነው ብሎ መድኃኒት ገዛልኝ። ዋልተር ውሃውን አወጡት አላወጡት እንደሆን ማንንም አልጠየቅኩም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የድጋሚው ቁጥር ወጣ። ጭቃው ናይትሬቱን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ጋዝ ለውጦታል። እጅግ ሥራ ወዳድ ረቂቆች ነበሩት።

ረቡዕ ጠዋት፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ለሚስተር ሬይስ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"ውሃው ወጥቷል?"

"አላውቅም።"

"አላውቅም አትበይ። ያልጠየቅሽው መልሱን ስለምትፈሪ ነው። አሁን ከመኪናው ውረጂ፣ ሄደሽ ንገሪያት።"

ደህና ዋይ ሳይሉኝ ዘጉት። ወረድኩ።

ዶክተር ክሌር ከጉዞ ተመልሳ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። ቆሜ ነገርኳት። ሁለቱን ደብተሮች፣ የመጀመሪያውንና የድጋሚውን፣ ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ያየችው ቁጥሩን ነው፤ ቀጥላ ቀኑን አየች። የማክሰኞውን ቀን በጣቷ ነክታ ያዘች። ስልኩን አነሳችና ለሚስተር ዋልተር ደወለች።

ውሃው ከወጣ ስድስት ቀን ሆኖታል።

ያን ጊዜ ነው የነገሩ ክፋት የገባኝ። መልሰው ይሙሉት እንዳንል ናይትሬቱ ተሠርቷል፤ ውሃ ሲገባ ይሄዳል። አይሙሉት እንዳንል ሩዙ በጥም ይሞታል። ውሃው ከመውጣቱ በፊት ቢነገራቸው አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ከወጣ በኋላ የምንለው ነገር አልነበረንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሰሜን ሄድን። ዶክተር ክሌር ብቻዋን ልትሄድ ነበር፤ እኔም ልምጣ ብዬ ለመንኳት። ሰባት ሰዓት ያህል ድራይቭ ስታደርግ ስለ መንገዱና ስለ ቤንዚን ካልሆነ አላወራንም። ማሳው ዳር ስንቆም ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። የጎረቤት ማሳ ጥቁር አረንጓዴ ነው። የዋልተር፣ ውሃው ተመልሶበትም፣ እንደ ገለባ ቢጫ ሆኖ ቆሟል።

ሚስተር ዋልተር ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ትንሽ የከበደ ሰው ናቸው። ዶክተር ክሌር ፊርማው የሷ ስለሆነ ጥፋቱም የሷ እንደሆነ መናገር ጀመረች። አቋረጥኳት፤ በሕይወቴ አለቃ ያቋረጥኩት ያኔ ብቻ ነው። ምስክሩን የዘለልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ምስክር ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ፤ እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደኔ አዘንብለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ከዚያ ጠየቁኝ። "ውሃውን ሐሙስ ዕለት ነው የለቀቅኩት። ያን ጊዜ ታውቂ ነበር?"

ይህን ጥያቄ በመንገድ ሁሉ ስፈራው ነበር። ዶክተር ክሌር ቀና ብላ አየችኝ።

"ማክሰኞ ነው ያወቅኩት" አልኳቸው።

"እንግዲያው ሁለት ቀን ነበረሽ።"

"አዎ። ሁለት ቀን ነበረኝ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብለው ከማሳው አንድ እፍኝ ጭቃ አወጡና በመዳፋቸው ይዘው አዩት፤ ውሃው በጣቶቻቸው መሀል ይንጠባጠባል። አባታቸውም እዚህ ማሳ ላይ እንደሠሩ፣ አንድም ቀን ላብራቶሪ ጠይቀው እንደማያውቁ ነገሩን። ልጄ ናት ጠይቅ ያለችኝ አሉ። ጭቃውን መልሰው ጣሉት። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ወደኔ ዞሩ።

"ከአሁን በኋላ ናሙና መውሰድ ትችላላችሁ። ግን ቁጥሩን የምትደውይልኝ አንቺ ነሽ። እሷ አይደለችም። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ባወቅሽበት ቀን።"

እሺ አልኩ።

ከዚያ ማሳ በዚያ ዓመት የተሰበሰበው ከለመዱት በጣም ያነሰ ነበር። ማዳበሪያ ደግመው ቢጨምሩም ሩዙ የሚበላበት ጊዜ አልፎ ነበር። ዶክተር ክሌር የመጀመሪያውን ውጤት ስብሰባው ላይ ለሰሙት ሁሉ ስህተት መሆኑን ጽፋ ሻረችው። እኔን አላባረረችኝም፤ ውሌም ታደሰ። ግን አንድ ዓመት ሙሉ የኔን ቁጥር ሌላ ሰው ሳያይ አልተቀበለችም፤ ቀስ ብላ፣ ያለ ክፋት፣ ደብተሬን አዙራ ለሌላ ሰው ትሰጣለች። በየሳምንቱ እቀመጥና እሷ ፊት ሌላ ሰው የኔን ሥራ ሲመረምር አያለሁ። ያ ከመባረር የቀለለ አይምሰላችሁ። ትክክል ግን ነበር።

ለጌታሁን የነገርኩት ቆይቼ ነው። ኢንሹራንሱን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት ስለው ተቀይሞኝ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በኋላ ባልድዊን ሂልስ ላይ፣ ሐኪሙ ተራመድ ስላለው ቀስ እያልን ዳገቱን ስንወጣ፣ "በኔ ወገብ አታመካኚ" አለኝ። ልክ ነበር። ወገቡ ደህና ቢሆንም ኖሮ ሌላ ምክንያት አላጣም ነበር። ፍርሃት ምክንያት አያጣም።

ለሚስተር ዋልተር በየዓመቱ ደወልኩ። የማሳቸው ጭቃ ከሌላው ሁሉ ቸኩሎ ናይትሬት የሚጨርስ እንደሆነ አብረን ደረስንበት። ማዳበሪያውን በላይ መበተን ትተው፣ ውሃ ከመግባቱ በፊት የታችኛው ጭቃ ውስጥ መቅበር ጀመሩ፤ እዚያ የላይኞቹ ረቂቆች አይደርሱበትም። ማሳውን መካከል ላይ ማድረቅ ግን ዳግመኛ አልሞከሩትም። ስደውል ስለ ሌላ ነገር አናወራም፤ ቁጥሩን እናገራለሁ፣ ይጽፉታል፣ ደግመው ያነቡልኛል፣ እናመሰግናለን ብለው ይዘጋሉ። አንድ ዓመት ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ነበረች። ማረፋቸውን ነገረችኝ። ላጽናናት አፌን ስከፍት፣ "ወረቀትና እርሳስ ይዣለሁ፣ ንገሪኝ" አለችኝ። ቁጥሩን ነገርኳት። ደግማ አነበበችልኝ።

አሁን ላብራቶሪው ተለውጧል። ከአንዲት ማንኪያ ጭቃ ውስጥ የየትኞቹ ረቂቆች ዘር እንዳለ አንብቦ የሚዘረዝር ማሽን ገብቷል። በእኔ ዘመን ሥራቸውን እንጂ እነሱን አናውቃቸውም ነበር። ቦታዬን የተረከበችው ፕሪያ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከኔ ይልቅ ብዙ የተማረች። ስሸኝ ኬክ ተቆረጠ፣ ዶክተር ክሌርም አጭር ንግግር አደረገች። ሚስተር ሬይስ በእርጅና ምክንያት አልመጡም፤ ደወሉ እንጂ። እንዴት እንደሠራሁ ጠይቀውኝ ስመልስላቸው ሰሙኝ። "ገና ነው" የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ አላሉም።

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ፣ ባለፈው ሰኞ፣ እዚያው ፌርፋክስ ላይ ምሳ ቀርቦልን ሳለ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በመጨረሻው ቀኔ ሃያ አራት ጠርሙስ እየደፈንኩ ኬኩ ደርሷል ተብዬ ተጠራሁ። ስመለስ ከአሥራ ሰባተኛው ቀጠልኩ። አሥራ ሰባተኛውን ግን አየሩን ጠርጌዋለሁ? አላስታውስም። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ጌታሁን አየኝና "ጀመረሽ ደግሞ" አለ። ጋሼ ታደሰ ተዪው፣ አሁን እኮ ሪታየር አድርገሻል አሉኝ። እጄን ታጥቤ ፕሪያ ጋ ደወልኩ።

ፕሪያ አየችው። የአሥራ ሰባተኛው ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላል፣ ምንም አይልም አለችኝ።

"ቁጥሩ ጥሩ ነው ብለሽ አትተዪው። እኔ አላስታውስም። ጣዪውና ድገሚው፤ ለዶክተር ክሌርም እኔ እንዳልኩ ንገሪያት።"

ኦኬ አለች። ልዘጋው ስል ግን መስመሩ ላይ እንዳለች ታወቀኝ። በዝግታ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር እንዳለ ተናገረች። የከፋ ላይሆን እንደሚችል፣ እርግጠኛ እስክትሆን እየጠበቀች እንደሆነ ጨመረች።

ወንበሬን ገፋ አድርጌ ተነሳሁ። ወደ ውጭ ወጥቼ፣ መኪናው እየጮኸ በሚያልፍበት የእግረኛ መንገድ ላይ፣ አንድ ጆሮዬን በእጄ ከድኜ ሁሉንም ሰማኋት። ለአንድ ገበሬ የተላከ ቁጥር ሳይሳሳት አልቀረም፤ ከባድ ነበር፤ ግን ገበሬው ገና አልሠራበትም፣ የሚመለስ ነበር።

"ዶክተር ክሌር ቢሮዋ አለች?"

"አለች።"

"ስልኩን ሳትዘጊ ሂጂ። አብሬሽ ነኝ።"

ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ከዚያ የእርምጃዋ ድምፅ በዚያ ረጅም ኮሪደር ተሰማኝ፤ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቀዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። እንደገና ተራመደች። በሩ ሲንኳኳ ሰማሁ።